የገበያነሽ ቃል

«በፈቃድሽ ነው ወይ የምታገቢው? ብለሽ ጠይቂያት» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ታቢታ ጥያቄውን አጠገቧ ለተቀመጠችው ለገበያነሽ በሲዳምኛ ነገረቻት። ገበያነሽ ወለሉን ታያለች። ከኋላቸው አግዳሚው ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው የገበያነሽ አባት ኩማ ጉሮሮውን ጠረገ።

ወደዚህ ቢሮ ሲመጡ አራተኛቸው ነው። አንድ ቀን ዐቃቤ ሕጉ ስብሰባ ገብቷል ተባሉ፤ አንድ ቀን ፋይሉ ጠፋ፤ አንድ ቀን ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት «ሳምንት ኑ» ተባሉ። በመጡ ቁጥር ታቢታ ከክፍል ትቀራለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ገበያነሽ የአጎቷ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት፣ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡሹሎ። አማርኛ ትሰማለች፤ እንዲህ ያለ ቦታ ግን አፏ አይታዘዝላትም። ከሦስት ወር በፊት ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ገዝታ ስትመለስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ልጅ መንገድ ላይ ጠብቆ ደፈራት። ሐኪም መረመራትና ማስረጃ ጻፈላት፤ ፖሊስም ልጁን አሰረው። ወዲያው ሽማግሌዎች ተላኩ፤ ያግባትና ክሱ ይቅር አሉ።

ጠዋት ጋሪ ላይ ኩማ ወደ ታቢታ ጠጋ ብሎ ነበር። «ስሚኝ ልጄ፤ ምንም ትበል ምን፣ አንቺ ‹እሺ ብላለች› በይ። መሬታችን ያለው በሊቀመንበሩ እጅ ነው። ስድስት ልጅ ምን ላብላ?»

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታቢታ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር። ያን ሰሞን ግን ከከብቶቹ በረት ኋላ ቆሞ ብቻውን ሲያለቅስ አይታዋለች።

ገበያነሽ በመጨረሻ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ ረጅም ጊዜ። «አላገባውም። ግን ደክሞኛል። እዚህ በመጣሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ያየኛል። ቤት ስገባ እናቴ አታናግረኝም። እሱን ሳስብ መተንፈስ ያቅተኛል። አላገባውም በዪው።»

ታቢታ ‹እሺ ብላለች› ብትል ዛሬውኑ ያልቃል። መመላለሱ ይቀራል፤ አጎቷ በመጣ ቁጥር ከእናቷ ጋር የሚያደርጉት ጭቅጭቅ ይቀራል። እሷም ደክሟታል።

«ደክሞኛል ትላለች» አለች።

ዐቃቤ ሕጉ አሁን ቀና አለ። ደምሴ ይባላል፤ ዓይኖቹ ሥር ያበጡ፣ እንቅልፍ ያነሰው የሚመስል ሰው ነው። «ይህን ሁሉ ተናግራ ደክሞኛል ብቻ?»

«ጨርሺዋ!» አላት ኩማ ታቢታን ከኋላ፣ በሲዳምኛ።

ገበያነሽ ዞር ብላ ታቢታን አየቻት። አልተቆጣችም። ሲሆን የኖረ ነገር እንደገና የሆነባት ትመስላለች፤ ታቢታን ከሁሉ በላይ ያመማት ይኸው ነው።

«አይደለም» አለች ታቢታ። «ይቅርታ፤ ከመጀመሪያው ልናገር። አላገባውም ነው ያለችው።» ከዚያ አንድም ሳታስቀር፣ የእናትየውን ዝምታና የትንፋሹን ነገር ጭምር ነገረችው። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች። ዞር አላለችም።

ደምሴ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲህ እውነቱን ንገሪያት። አገባዋለሁ ካለች ክሱ ይዘጋል። አላገባም ካለች ፍርድ ቤት ትቀርባለች። በዝግ ችሎት ይሁንልን ብዬ አመለክታለሁ፤ የልጁ ጠበቃ ግን የማይጠይቃት ነገር የለም። ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልጁ በነፃ ሊለቀቅም ይችላል።»

«ካገባት ያደረገው ነገር ወንጀል መሆኑ ይቀራል ማለት ነው?» አለች ታቢታ። ይህን የጠየቀችው ራሷ ናት።

«ሕጉ እንደዚያ ይላል። በቀደም በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ውይይት ላይ የቀበሌያችን ሴቶች ‹ይህ አንቀጽ ይሰረዝልን› ብለው ተነሥተው ነበር። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። መቼ ይሰረዛል ብትዪኝ ግን አላውቅም። ለእሷ አይደርስላትም።»

ታቢታ ይህንንም ሁሉ ነገረቻት። ገበያነሽ ቀሚሷን በጣቶቿ እያጠፈች ሰማች።

«ቀጠሮ በሆነ ቁጥር አንቺ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ። ብትተዪውም አልቀየምሽም።»

ገበያነሽ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እንግዲያው ይቀጥል በዪው።»

ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኩማ ባርኔጣውን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ልጁን አላያትም። «ለጊዜው ቡሹሎ አትምጣ» አለ ለታቢታ። «እናንተ ጋ ትሁን።» ጋሪውን ጠርቶ ብቻውን ሄደ። ማባረሩ ይሁን ማሸሹ ታቢታ መለየት አልቻለችም።

ቤት ሲደርሱ የታቢታ እናት ሙሉዬ ደጅ ልብስ ታሰጣለች። «ተስማማች?»

«አልተስማማችም። ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው።»

«የሰው አፍስ እንዴት ይቻላል?» አለች ሙሉዬ። መልስ ሳትጠብቅ ግን ለገበያነሽ መታጠቢያ ውኃ ልትቀዳ ገባች።

ታቢታ አልጋው ላይ የተበተኑትን ደብተሮቿን አነሣች። ገበያነሽ እንደ ለበሰች ጋደም አለች። ታቢታ ከሒሳብ ደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ለክፍል ኃላፊ መምህሯ መጻፍ ጀመረች፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀጠሮው እንደምትቀር። «ምክንያቱ» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። ነገሩ የእሷ አይደለም።

«ገበያነሽ፣ ለመምህሩ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ገበያነሽ ዓይኗን ሳትገልጥ ትንሽ አሰበች።

«አስተርጓሚ ነኝ በዪ።»

ታቢታም እንደዚያው ብላ ጻፈች።