የማክሰኞ አስር ሰዓት ከሃያ

ሃዋኒ ፕሮግራሙን እንዲነሳ ለሦስተኛ ጊዜ አዘዘችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ አላት።

በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ libSDL2 የሚባል ላይብረሪ እንደሚፈልግ፣ ፈልጎም እንዳጣው ይናገራል። ሃዋኒ ላይብረሪ ምን እንደሆነ ታውቃለች። መስኮት መክፈት፣ ሥዕል መሳል የመሰለውን ሥራ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከዜሮ አይጀምረውም፤ ሌላ ሰው ጽፎ ካስቀመጠው ፋይል ይዋሳል። የሚዋስበት ፋይል ከሌለ አይነሳም።

ግን ፋይሉ ሰኞ ነበረ። ሰኞ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይህን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከጊንጪ አምቦ ድረስ ይዘውት ሄደው፣ በትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ያቀርቡታል። እሷና የክፍል ጓደኛዋ ቀንዓ ሦስት ወር የደከሙበት ፕሮግራም የጭልሞን ደን በስክሪን ላይ ያሳድጋል፤ በዓመት ስንት ዛፍ ቢቆረጥ ደኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያሳያል።

ፋይል በራሱ እግር አውጥቶ አይሄድም። ሃዋኒ ደብተሯን አወጣች። የምታየውን ነገር ሁሉ በሰማያዊ፣ ስህተት የሆነውን ደግሞ በቀይ የመጻፍ ልማድ አላት። «ሰኞ ይሠራል» ብላ በሰማያዊ ጻፈች። «ረቡዕ አይሠራም» ብላ በቀይ። በመሃላቸው አንድ መስመር ክፍት ተወች። ማክሰኞ።

የኮምፒውተር ላቡን ቁልፍ የምትይዘው እትዬ ሸዋነሽ በር ላይ ነበረች። ቁልፍ የወሰደ ሰው ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን ሳይፈርም ከእጇ አይወጣም።

«እትዬ፣ መዝገቡን ላየው እችላለሁ?»

«ምን ጠፋ ደግሞ?» አለች እትዬ ሸዋነሽ መዝገቡን እየገፋችላት። «ማውስ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ባለፈው የጠፋው ማውስ በኔ ስም ነው የተጻፈው።»

«ማውስ አይደለም።»

ማክሰኞ ላብ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከአራት ሰዓት ከአስር እስከ አምስት ሰዓት ራሷ ሃዋኒ፤ በረፍት ሰዓት ገብታ መምህር ጀቤሳ ባዘዙት መሠረት ተማሪዎች የሚጫወቱትን የፔንግዊን ጌም አጥፍታ ነው የወጣችው። ከዚያ፣ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ አንድ፣ የተጠማዘዘች ፊርማ። የቀንዓ።

ሁለቱንም ጻፈች።

ቀንዓን ሜዳው ዳር አገኘችው። ጫማውን አውልቆ ጠጠር እያራገፈ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት ላብ ገብተህ ነበር እንዴ?»

«እኔ?» ጫማውን አገላበጠው። «አልገባሁም ባክሽ። መዝሙር ልምምድ ነበረን፣ ቸርች።»

«በአስር ሰዓት?»

«አዎ። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አላያትም።

ሃዋኒ መዝገቡን አይቻለሁ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። የሚዋሽ ሰው እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ፈለገች።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ተጨመረ። የባዮሎጂ ኖት ልትገለብጥ የወሰደችው የቀንዓ ደብተር እጇ ላይ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ስም ተጽፏል፦ libSDL2፣ libsndio፣ libXss። ሁለቱ ጎን የራይት ምልክት አለ፤ ሦስተኛው ጎን የለም።

ሃዋኒ ገጹን ደጋግማ አየችው። ስክሪኑ ለእሷ የነገራት የአንዱን ስም ብቻ ነው። ቀንዓ የሌሎቹን የሁለቱን ስም ከየት አመጣው? ራይቱስ ምንድን ነው? ይሄ ጠፋ፣ ይሄም ጠፋ፣ ይሄ ቀረ?

ሰኞ ዕለት የተባባሉትን አስታወሰች። መምህር ጀቤሳ «ንግግሩን ሃዋኒ ታቀርባለች፣ ቀንዓ ኮምፒውተሩን ያንቀሳቅሳል» ሲሉ፣ ቀንዓ «እሺ ቲቸር፣ እኔ የማውስ ሹፌር ነኝ» ብሎ ክፍሉን አስቆ ነበር። ያኔ እሷም ስቃለች። አሁን ያ ቀልድ ሌላ ድምፅ ነበረው።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የገባውንና የወጣውን ፋይል ሁሉ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መዝገቡ ረጅም ስለሆነ የፈለገችውን ስም ብቻ እንዲያወጣላት አዘዘችው። አንድ መስመር መጣ። ማክሰኞ፣ 10:20፣ libSDL2 ተወገደ።

አስር ሰዓት ከሃያ። ቁልፉ ቀንዓ እጅ ነበር።

ደብተሯ ላይ በቀይ ጻፈችው፦ «10:20 — ቀንዓ»።

መምህር ጀቤሳ በአስተማሪዎች ክፍል የፈተና ወረቀት ክምር መሃል ነበሩ። ደብተሩን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የቁልፉን ሰዓት፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት፣ ሦስቱን ስም። ኮምፒውተሩን ሄደው አላዩም፤ የሃዋኒ ደብተር ተሳስቶ አያውቅም።

«ሰኞ ምን ብዬ ነበር?»

«ይሄን ኮምፒውተር ያበላሸ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አምቦን አያያትም ብለዋል።»

«እንደዛ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በቀንዓ ፋንታ የክፍላችሁ ልጅ ሌታ ይሄዳል። ቀንዓ ላብም ከእንግዲህ አይገባም። አንቺ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን መንገድ ፈልጊ፤ መተኪያ ይሆን የነበረው የኔ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ጥገና ላይ ነው።»

ስትወጣ እርካታ ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተሰማትም። ነገሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ደጋግማ አይታዋለች፤ ልክ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ የሲቪክስ መምህር ስላልመጡ ክፍለ ጊዜው ባዶ ነበር። ላብ ገብታ እንደተቀመጠች መስኮቱ ተንኳኳ። ቀንዓ ነው። የብረቱን ፍርግርግ ይዞ ቆሟል።

«መግባት ተከልክያለሁ አሉ» አለ። «እንግዲያው ከውጪ ነው የማዋራሽ።»

«ምን ፈለግህ?»

እጁን በፍርግርጉ አሾለከ። ፍላሽ ነበር። «ከኦቦ ኩምሳ ኢንተርኔት ቤት ነው። ሦስተኛው ትናንት ማታ አልወርድ ብሎኝ ዛሬ በሌሊት ሄጄ ነው ያገኘሁት። ኔትወርኩ ሲሞት ሲድን… ብቻ አለልሽ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ሁለቱን አስገቢ፣ SDLን መጨረሻ ላይ። እሱን ካስቀደምሽው እነሱ የሉም ብሎ ያስቸግርሻል።»

«ምን እንደጎደለ ማን ነገረህ?»

ቀንዓ እጁን ከፍርግርጉ መለሰ። «ማሎ፣ ሃዋኒ፣ እባክሽ» አለ። «አስገቢውና ይሥራ።» ሄደ።

ፍላሹን አገላብጣ አየችው። ያበላሸ ሰው ምን እንዳበላሸ ያውቃል፤ መድኃኒቱን ይዞ መምጣቱም ለዚህ ይሆናል። ወይም ፈርቷል። ወይም እዚህ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ፍላሹን ሰካችና መጀመሪያ ውስጡን አየች። ሦስት ፋይል ብቻ ነው። ስማቸው ከእርሳሱ ዝርዝር ጋር አንድ ነው።

እንዳላት ላለማድረግ ብላ SDLን አስቀደመች። ኮምፒውተሩ አልተቀበላትም፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንደሚቀድሙ ነገራት። ከንፈሯን ነክሳ እንዳላት አደረገች። ትንሹን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በመጨረሻ SDLን። ሦስቱም ያለ ምንም ቅሬታ ገቡ። ፕሮግራሙን አዘዘችው።

ስክሪኑ ላይ የፕሮግራሙ መስኮት ተከፈተ። አረንጓዴ ነጥቦች አንድ በአንድ ወጡ፤ ጭልሞ ከግራ ወደ ቀኝ በቀለች።

ደብተሯን ከፈተች። ብልሽቱን እንደጻፈች ጥገናውንም መጻፍ አለባት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከአምስት ይላል። ኮምፒውተሩ መዝገቡ ላይ የጻፈውን ለማመሳከር የዛሬውን መስመር አወጣች።

ሐሙስ፣ 09:05፣ libSDL2 ገባ።

ግድግዳውን አየች። ስክሪኑን አየች። እንደገና ግድግዳውን።

እትዬ ሸዋነሽ የላቡን ኮምፒውተሮች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰዓት ሞልታቸዋለች፤ ተማሪ ሁሉ «ሰዓት ተሳስቷል» እያለ ሲጠራት ስለሰለቻት ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያሉት ልክ እንደ ግድግዳው ይቆጥራሉ። ይሄ ግን ሰባት ቁጥር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ የመጣው ከገና ወዲህ ነው። ሃዋኒ ሰዓቱን አይታው አታውቅም፤ ለምን ታያለች? ግድግዳው ላይ አለ።

ከዘጠኝ ላይ ስድስት ሲነሳ ሦስት። ከአስር ላይ ስድስት ሲነሳ አራት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሃያ።

በዚህ ጊዜ ስም አልፈለገችም፤ የማክሰኞን መዝገብ ሙሉውን አወጣችና መስመር በመስመር አነበበችው። 10:18፣ የፔንግዊኑ ጌም ተወገደ። 10:20፣ libSDL2። ያው ደቂቃ፣ libsndio። ያው ደቂቃ፣ libXss። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም።

አሁን ትዝ አላት። ጌሙን ካጠፋች በኋላ ኮምፒውተሩ ከጌሙ ጋር የገቡ፣ ከእንግዲህ ማንም የማይፈልጋቸው ፋይሎች እንዳሉ ነግሯት ነበር። ላጥፋቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስሞቹን አላነበበችም። ንጹሕ ኮምፒውተር ደስ ይላታል። አዎ አለችው። የእነሱን ፕሮግራም መምህር ጀቤሳ በፍላሽ አምጥተው እንዲሁ ነበር የገለበጡት፤ ኮምፒውተሩ ስለ መኖሩም አያውቅም። ማንም የማይፈልጋቸው ያለውም ለዚህ ነው።

በሩን ሳትቆልፍ ወጣች። እትዬ ሸዋነሽ «ቁልፉ!» ብላ ጮኸች፤ ተመልሳ ቆለፈች፣ ፈረመች፣ ሮጠች።

ቀንዓ የውሃ ቧንቧው ጋ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ሠራ?»

«ሠራ።» ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። «የሰባት ቁጥርን ሰዓት አይተኸው ነበር?»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው እሱ። እትዬ ሸዋነሽ ገና አልደረሰችበትም።» ውሃውን ከአገጩ ጠረገ። ከዚያ ፊቷን አየ። «ኧረ ተይ። አወቅሽ?»

«አንተ ማክሰኞ ነው ያወቅኸው። መዝገቡን ሙሉውን አንብበኸዋል።»

«ልለማመድ ከፈትኩት፣ እምቢ አለ። አነበብኩት።»

«ለምን መዝሙር ነበርኩ አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? እስከ ሐሙስ ሦስቱን አውርጄ፣ ሳታዪ አስገብቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ረቡዕ ጠዋት ቀድመሽኝ ትገቢያለሽ ብዬ መች አሰብኩ።»

«ቲቸር ሲያባርሩህስ? ሰዓቱን ብትነግራቸው…»

«'እሷ ናት' ልበል?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «አንቺ ከቀረሽ ማን ይናገራል? እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ሌታ ማውስ መያዝ አያቅተውም።» ቧንቧውን ዘጋ። «ደግሞ ሠርቷል አይደል? አበቃ። ተይው።»

«ደብተሬ ላይ ያንተ ስም ነው ያለው።»

«በቀይ?»

«በቀይ።»

«ወይ ጉድ» አለ ቀንዓ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጫማውን ማየት ጀመረ። ሃዋኒ እዚያው ትታው ሄደች።

መምህር ጀቤሳ አሁንም ከወረቀቶቹ ጋር ነበሩ። ቀና አሉ።

«ሠራ?»

«ሠርቷል፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ! አንቺ እያለሽ እኔ ምን አስጨነቀኝ። ንግግርሽን ተለማመጂ እንግዲህ፤ ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት እዚህ በር ላይ። ሌታን ነግሬዋለሁ።» ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ሃዋኒ አልሄደችም። «ምን ቀረ?»

ደብተሯን ከሚያርሙት ወረቀት በላይ አድርጋ ፊታቸው ዘረጋችው። ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ማን እንደሚያቀርበው ከመወሰኑ በፊት ጀምሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትሄድ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ደጋግማዋለች። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣች። «10:20 — ቀንዓ» የሚለው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርጋ፣ በስሱ። ከዚያ ከጎኑ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፈች። ከሰዓቱ ቀጥሎ የራሷን ስም ጽፋ ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው።