በሰማያዊው ቀፎ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ

መምህሩ ከሰማያዊው ቀፎ ሥር ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ከማበጡ የተነሳ የገዛ ሚስቱ እንኳ መጀመሪያ ያወቀችው በጫማው ነበር። ፊቱን የሚከልለው መረብ ወደ ኋላ ተገልብጧል፤ የቀኝ እጁ ጓንት ወልቋል፤ የነጭ ቱታው የደረት ኪስ ክፍት ነው፣ ውስጡም ባዶ። ንቦቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ደቃቁ ሲያልፍ ጠጠሩ እሷ ዘንድ ይቀራል ለማለት ነው። ስሙን አልጠላችውም። የምትጠላው ንብ ነው። ያን ዕለት ጠዋት በንብ አናቢዎች ማኅበር ግቢ ውስጥ አንገትጌዋን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ እንደ ሌባ በጫፍ በጫፉ ትራመድ ነበር።

«ይሄማ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ሳጅኑ። «ሰውየው አለርጂ ነበረበት። ንብ ነደፈው፣ ሞተ። ንቧን ደግሞ በካቴና አናስራት!»

«ቀፎውን ማን ዘጋው?»

«እ?»

«ክዳኑ ተከድኗል። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። የንብ ማጨሻውንም እየው፤ እሳት እንዳያስነሳ አፉ በእርጥብ ሣር ተወትፏል። ጉሮሮው እየተዘጋ ያለ ሰው ይሄን ሁሉ ሥርዓት ከየት ያመጣል?»

ሳጅኑ ሆዱን አከከ። ቀልዱም እዚያው ቀረ።

ወንፊት ጎንበስ ብላ የሟቹን ግራ እጅ ፈታች። በጓንቱ ጣቶች መሃል የክብሪት እንጨት ነበር፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር እንደ ክር ተጎትቶ ደርቋል። አሸተተችው። ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ የአናጢ ሙጫ ሸተታት።

የማኅበሩ አዳራሽ ሰም ሰም ይላል። ሊቀመንበሯ ከማባዣ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ በአንድ እጇ እንባዋን፣ በሌላው ቀለሟን ትጠርጋለች።

«ጠዋት እዚሁ ነበርኩ፤ የወሩን ጋዜጣችንን ሳባዛ። ይሄ ማሽን ከጮኸ እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አያሰማም።»

«ከመምህሩ ጋር አይስማሙም ይባላል።»

«አዎ፣ አንስማማም! ሰው ፊት ወንበሩን ልቀቂ ብሎኛል። ታዲያ ለወንበር ብዬ ሰው ልግደል? ወንበሩ ራሱ እግሩ ተሰብሯል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ምን አለዎት?»

«የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ተይልኝ አለኝ። ምን ልትጽፍበት ነው ስለው፣ መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ልንገር ብሎ ዝም አለ። ስንብቱን ሊጽፍ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አፈር ያስበላኝ!» ሊቀመንበሯ አንገቷን ደፋች። «ማን ያስተምርልን ይሆን? ጀማሪውን ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። ሰማያዊው ቀፎ ጠባዩ የዋህ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን አባል ከዚያ ባወጣው፣ የማር እንጀራ በያዘ ፍሬም ነው ያስጀመረው። የሁላችንም ንብ የዚያ ቀፎ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።»

የሟቹ ሚስት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«የአለርጂ መርፌውን በገዛ እጄ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ አዝራሩንም ቆለፍኩ» አለች። «በየማለዳው እንዲሁ ነው። ንቡን ተው ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም። ዛሬም አኩርፌ ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣ።»

«እህቴ፣ መርፌውን ቢወጋ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር» አለች።

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ አፉን ወደ ወንፊት ጆሮ አስጠጋ። «እኔ ሚስትየዋን ነው የጠረጠርኩት። ከተትኩ አለች እንጂ ስትከት ማን አየ?»

«ቀፎ የዘጋው ሰው ንብ የማይፈራ ሰው ነው። ይቺ ንቡን እንደ ጣውንት ነው የምትጠላው። ና፣ ሙጫ ፍለጋ እንሂድ።»

የአናጢው የሥራ ክፍል ከግቢው ጥግ ነው። የማኅበሩን ቀፎዎች በሙሉ የሠራው ይህ ሽማግሌ ነው። መጋዙን ሳያስቀምጥ ተቀበላቸው።

«አባቴ፣ ሰማያዊው ቀፎ የማን ነው?»

መጋዙ ቆመ። «የልጄ። ቀለሙንም የቀባችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ወጣች፤ መንገድ ስትሻገር መኪና...» ሽማግሌው የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ከዚያ ወዲህ ንቦቹን የማያቸው እኔ ነኝ። እሷ ያመጣቻቸው ንቦች ዘር ናቸው። ጆሮዬን ቀፎው ላይ ሳደርግ እቤት ያለች ይመስለኛል።»

ወንፊት ሥራዋ ነውና ክብሪቱን አወጣች። «ይህስ?»

አሸተተው። ፊቱ ላይ አንዳች ነገር መጣና ሄደ። «ሙጫ ነው። የኔ ነው። ሰሞኑን ፍሬም ጠግኜለት ነበር።»

«ከሬሳው እጅ ነው የተገኘው እኮ።»

«ኧረ የኔ ነው፤ ምን እዋሻለሁ፣ ልጄ!»

ነገሩ አልዋጥላት አለ። ንጹሕ ሰው ከሬሳ እጅ የወጣን ነገር ሲያሳዩት ይሸሻል እንጂ የኔ ነው ብሎ አይሻማም። መደርደሪያውን በዓይኗ አሰሰች። መሮ አለ፣ መላጊያ አለ፣ በጣሳ ሙሉ የእንጨት ችንካር አለ። የሙጫ ብልቃጥ ግን የለም።

አዳራሹ ተመልሳ ሊቀመንበሯን ስለ አናጢው ሙጫ ስትጠይቅ፣ ሴትየዋ በእንባዋ መሃል ሳቅ አለች። «እሱና ሙጫ? ሽታው ንብ ያባርራል ብሎ አያስጠጋም። ሁሉንም የሚገጥመው በችንካር ነው።»

ያኔ ነው ወንፊት ግድግዳውን ያየችው። መምህሩ ለጀማሪዎች በገዛ እጁ የሳላቸው የትምህርት ሥዕሎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ሁለት ቀፎ አለ፤ ክዳኑ ላይ ድንጋዩ በሆዱ ከተኛ ሰላም ነው፣ በጎኑ ከቆመ ችግር አለ ይላል። ከጎኑ ያለው ሥዕል ላይ ደግሞ የክብሪት እንጨት ከማር እንጀራው ክፍል ውስጥ ቡናማ ክር ይጎትታል። ከሥር የተጻፈውን ቆማ አነበበችው። አንብባም ክብሪቱን እንደገና አሸተተችው።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም ሰማያዊው ቀፎ ፊት ሰበሰበቻቸው። አናጢው ኮፍያውን በእጁ ይዟል፤ ሚስትየዋ ጥቁር ለብሳለች፤ ሊቀመንበሯ በወንፊት ትእዛዝ ቱታዋን አጥልቃ ማጨሻውን ለኩሳለች።

«የጀመርኩት ከተዘጋው ክዳን ነው» አለች ወንፊት። «መምህሩ ሲሞት አንድ ሰው አጠገቡ ነበር። ሞቱን የንብ አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው ቀፎውን እንደተከፈተ ይተወው ነበር። ይህ ሰው ግን አልቻለም። ተከፍቶ ያደረ ቀፎ ብርድ ይመታዋል፣ ሌላ ንብም ይዘርፈዋል። ሰው እግሩ ሥር እየሞተ ለንቦቹ የሳሳ ሰው ነው።»

ወንፊት ክብሪቱን ከኪሷ አወጣች።

«ቀጥሎ ክብሪቱ። እኔ ሙጫ መሰለኝ። ሥዕሉ እንደሚለው ግን እጭ የሚያበሰብሰው በሽታም ልክ እንዲሁ ይሸታል። መምህሩ መረቡን የገለበጠው ፍሬሙን ለማሽተት ነው፤ ጓንቱን ያወለቀው ክብሪቱን ለመጫር ሳይሆን ለመንከር ነው። ክብሪቱን ለግራ እጁ ካቀበለ በኋላ፣ ፊቱና ቀኝ እጁ እንደተገለጠ ነው የተነደፈው። በሽታው መድኃኒት የለውም፤ ቀፎው ከነንቡ ይቃጠላል። ባዶ የተተወው ገጽ ለዚህ ነበር። ከማሳተሙ በፊት ግን ለሚመለከተው ሰው በአካል ሊነግር ጠራው። ደግ ሰው ነበር።»

«ድንጋዩ ግን ተኝቷል!» አለች ሊቀመንበሯ። «ሰላም ነው ይላል እኮ!»

«መምህሩ ያየውን አይቶ እንዲህ አያስቀምጠውም። ያስቀመጠው፣ ማንም እንዳይከፍተው የፈለገ ሰው ነው። እርስዎ ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢያውቁ ኖሮ ከዚህ ቀፎ የመጣው የራስዎ ንብ ያስጨንቅዎት ነበር። አንድ ሰው ግን ሙጫ ሳይኖረው፣ ሙጫ ነው፣ የኔ ነው አለኝ። እኔ እሱን ብጠረጥር ይሻለዋል፤ በሽታው ከሚታወቅ። አሁን ይክፈቱት።»

«አትክፈቱት» አለ አናጢው። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ይበርዳቸዋል።»

ሊቀመንበሯ ድንጋዩን አነሳች፤ ክዳኑን በብረት ፈልቅቃ ገለጠችው። የበሰበሰው ሽታ ወጣ። ከፍሬሞቹ በላይ መርፌው ተጋድሟል፤ ንቦቹ በራሳቸው ሙጫ ከእንጨቱ ጋር ማጣበቅ ጀምረዋል።

ሚስትየዋ ሁለት እርምጃ ቀረበች። «ጋሼ» አለች። «እርስዎ ነዎት?»

«አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት» አለ ሽማግሌው ኮፍያውን እየጠመዘዘ። «ልሰናበታቸው። አይሆንም፣ ዛሬውኑ ይቃጠሉ አለኝ። ከዚያ ነደፉት። በእጁ ወደ ኪሱ አመለከተኝ። መርፌውን አወጣሁ፤ በእጄ ይዤዋለሁ። ላትነካቸው ማልልኝ አልኩት። ብቻ ማልልኝ፣ እወጋሃለሁ። ጉሮሮው ተዘግቶ ኖሯል። ሊምልልኝ ፈልጎ ይሁን አይሁን፣ አላውቅም፣ ልጄ። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። እኔ መልሱን እጠብቃለሁ።»

ሚስትየዋ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ሊቀመንበሯ ፍሬሙን እንደያዘች ቀርታለች፤ የሷን ቀፎዎች፣ የጎረቤቷን፣ ከዚህ ግቢ ፍሬም ይዞ የሄደውን ሰው ሁሉ እያሰበች ነው።

«ሁሉም ይቃጠላል ማለት ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ሁሉም» አለች ሊቀመንበሯ።

ጉድጓዱ ከአዳራሹ ኋላ ተቆፈረ። አናጢው ካቴናው ገብቶለት መኪናው ዘንድ ሲደርስ ዞረ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አሁን አይደለም። ሲመሽ፣ ንቦቹ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ይሁን። ውጭ የቀረች አትኑር።»

«እሺ፣ አባቴ» አለች ወንፊት። ቃሏንም ጠበቀች። ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የቀፎው አፍ ጭር እስኪል ድረስ በእግሯ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ መግቢያው ተደፈነ፤ ቀፎው ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ ሰማያዊው ቀለም እየተላጠ ነደደ። ሰሙ ሲቀልጥ ሽታው ጣፋጭ ነበር።

ሳጅኑ እንሂድ ሲላት ነው አንዲት ንብ የመጣችው። በእግሮቿ የአበባ ዱቄት ተሸክማለች። ቀፎው በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ መግቢያውን አጣችው። በመጨረሻ ደክሟት መጥታ የወንፊት እጅጌ ላይ አረፈች።

ወንፊት ቀልቧ እስኪገፈፍ ፈራች። እጇን ግን አላራገፈችም።