የክንፈ ገብርኤል አርባ

ወይዘሮ እንዳለች የልጃቸውን ሞት የሰሙት እንደ ወጉ አልነበረም። ዘመድ ተሰብስቦ አልመጣም። ጎሕ ሲቀድ በራቸውን ያንኳኳ ሽማግሌ አልነበረም። በመጋቢት ጠራራ ፀሐይ፣ ልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ምንም ከማያውቁ አዛውንት ቄስ አፍ ነው የሰሙት።

የሄዱት ጸሎት ሊያስይዙ ነበር። ልጃቸው ሚደቅሳ ለትምህርት ህንድ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ አራት ወር።

"በሰው አገር ላለው ልጄ መንገዱን እንዲያቀናለት በጸሎት አስቡልኝ፣ አባ። የክርስትና ስሙ ክንፈ ገብርኤል ነው" አሉ።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነፍስ ይማር! ያ በሰው አገር የሞተው ልጅ አይደለም? የአርባ ቀኑን ፍታት እኮ እዚሁ አድርሰንለታል።"

ወይዘሮ እንዳለች ደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ጥቂት ቆይተው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

ኢንስፔክተር ዲንቄ ስታያቸው ደነገጠች። የሚደቅሳ ፋይል ከጥር ጀምሮ መደርደሪያዋ ላይ አቧራ ጠጥቷል። እጮኛው ሴና ኅዳር 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሚደቅሳ አድራሻ አንድ ኢሜይል ደርሷት ነበር፤ "ወደ ካናዳ የሚያሻግረኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ አትጠብቂኝ" የሚል። ፖሊስም ይህን ይዞ "ተሻግሮ ይሆናል" አለና ተወው። "አይዞዎት፣ አንድ ቀን ይደውላል" ብላ እናትየዋን የሸኘቻቸው ራሷ ዲንቄ ነበረች።

"እኔ ሌላ አልፈልግም" አሉ ወይዘሮ እንዳለች። "ሞቶ እንደሆነ ልቅሶዬን ላልቅስ። አጥንቱ ያለበትን ንገሩኝ።"

ተያይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሱ። ዲንቄ ያደገችው አምቦ፣ ጴንጤ ቤት ነው፤ አርባ ሲባል በሩቁ ከመስማት በቀር የምታውቀው የለም። ቄሱ የሙታን ስም የሚጻፍበትን ያረጀ ደብተር ገለጡ። ታኅሣሥ 21፣ ክንፈ ገብርኤል፣ በባዕድ አገር ያረፈ።

"ማን ነው ያስያዘው፣ አባ?"

"አንድ ወጣት። ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ጧፍና መገበሪያ ይዞ መጣ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሞ ሲያለቅስ ነበር።"

"ስሙን አልጠየቃችሁትም?"

"የሟች ስም እንጂ የቋሚ ስም ምን ያደርግልናል፣ ልጄ?"

"አርባው የሚቆጠረው ከመቼ ነው?"

"ነፍስ ከሥጋ ከተለየችበት ቀን ነዋ።"

"ሰው በቆጠራ ቢሳሳትስ?"

"በሱ ማን ይቀልዳል!"

ዲንቄ በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ከታኅሣሥ ሃያ አንድ። ከኅዳር አሥራ ዘጠኝ። አርባ ሞላ።

"ኅዳር 12" አለች።

"ኅዳር ሚካኤል" አሉ ወይዘሮ እንዳለች በቀስታ።

እንግዲህ ኅዳር 12 የሞተ ሰው ኅዳር 25 ኢሜይል አይጽፍም። የጻፈለት አለ። ያለቀሰለትም አለ። ዲንቄ የፈራችው ሁለቱ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ነው።

የክርስትና ስም በየመንገዱ የሚጠራ ስም አይደለም። ማን ያውቀዋል? ዲንቄ በመጀመሪያ ሴናን ጠራቻት።

"ክንፈ ገብርኤል ማነው?"

"ክንፈ ማን? አላውቅም" አለች ሴና። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፤ ሚደቅሳም ነግሯት አያውቅም። ፊቷ ላይ ውሸት አልነበረም።

ቀጥሎ የክርስትና አባቱ አቶ ሀብተሥላሴ ተጠሩ፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሚደቅሳ ህንድ እንዳይሄድ ተከራክረው ከእናቱ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዲንቄ እዚህ ላይ ጆሮዋን አቆመች።

"ታኅሣሥ 21 የት ነበሩ?"

"ሆስፒታል። የዓይን ሞራ ሲገፈፍልኝ። ወረቀቱ ይኸው።"

"ሰው ልከው አርባውን አስበውለታል?"

"ምን አርባ?" ሽማግሌው ዘንጋቸውን ጥለው ተነሡ። "ልጁ ሞቷል እንዴ?"

ዲንቄ በዝግታ አስቀመጠቻቸው። ተሳስታ ነበር፤ መርዶውንም በሷ አፍ ሰሙት። እንባቸው እስኪቆም ጠብቃ ጠየቀቻቸው፤ "የክርስትና ስሙን ሌላ ማን ያውቃል?"

"እናቱና እኔ። ደግሞ አዱኛ። ሁለቱም ክርስትና የተነሡት በአንድ ቀን ነው፤ የሁለቱም ክርስትና አባት እኔ ነኝ።"

አዱኛ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከሚደቅሳ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት። ህንድም አብረው ሄዱ፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ትምህርት፣ የደን ጥናት። ታኅሣሥ 2 ብቻውን ተመልሶ አሁን ኮሌጅ ያስተምራል። ለፖሊስ በሰጠው ቃል ሚደቅሳን ኅዳር 20 ባቡር ጣቢያ ድረስ በሰላም ሸኝቶታል።

"ለምን አልነገሩኝም?" ብላ ዲንቄ ወይዘሮ እንዳለችን ጠየቀቻቸው።

"እሱማ ልጄ ነው ብዬ ከሌላ ሰው አልቆጠርኩትም። በየእሑዱ እየመጣ 'አይዞዎት፣ እማማ' ሲለኝ ኖሯል" አሉ። ከዚያ ከጉያቸው የሚደቅሳን የመጨረሻ ደብዳቤ አውጥተው ሰጧት። የተጻፈው ኅዳር 11 ነው።

*እማዬ፣ ይህችን የተራራ ከተማ ብታያት እንጦጦ ናት ትያለሽ። ባህር ዛፉ ሳይቀር አለ። እስከ ሻይ እርሻው በኪራይ ሳይክል እንወጣለን። ከዚያ ወዲያ ለሳይክል የሚሆን መንገድ የለም፤ ዛፍ ላይ አስደግፈነው በእግራችን ወደ ጥንቱ ደን እንገባለን። ዛፎቹ አጫጭርና ጎባጣ ናቸው፤ ግንዳቸው ሽበት አብቅሏል። አንድ ጊዜ እንደ ሰንጋ የገዘፈ የዱር በሬ መንገድ ዘግቶብን ቆሞ፣ እሱ እስኪሰለቸው ጠበቅነው። ያየሁትን ዛፍ ሁሉ ደብተሬ ላይ እመዘግባለሁ፤ አዱኛ ይስቅብኛል። ነገ ሚካኤል ነው። ጭጋጉ ከገለጠልን ገደሉ አፋፍ ድረስ እንሄዳለን።*

ዲንቄ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ይህ ልጅ ገና የሚያየው ብዙ ነበረው።

አዱኛ በማግስቱ ረፋድ ላይ ከረባቱን አስሮ መጣ። ትሑት ነው፤ ወንበር እንኳ ሲሳብለት አመሰገነ።

"ስለዚያ ተራራ እስቲ አጫውተኝ" አለችው።

አጫወታት። ስለ ዳገቱ፣ ሳይክል እየገፉ ስለሚወጡበት መታጠፊያ፣ ስለ ጦጣዎቹ፣ ስለ ሻይ ለቃሚ ሴቶቹ። አነጋገሩ ያምራል።

"ኅዳር 12ስ?"

"ሳይክል ተከራይተን ወጣን። በእግራችን ደኑን አየን። ተመለስን።"

"ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም።"

"ቁልቁለቱን ስትወርዱ ሚደቅሳ ከፊትህ ነበር ከኋላህ?"

አዱኛ ትንሽ አሰበ። "ከጎኔ።"

"ታኅሣሥ 21 ጠዋት የት ነበርክ?"

"ልደታ። ቅዳሴ።"

"ክንፈ ገብርኤል ማነው?"

እጁ ወደ ከረባቱ ሄደ።

"ኅዳር 20 ባቡር ያሳፈርከው ሰው ኅዳር 12 ሞቷል ብለህ እንዴት አርባ ታስቆጥርለታለህ?"

"ስሙ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።"

"ይችላል። ቄሱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ልጥራቸው?"

"አይጥሯቸው" አለ አዱኛ። ድምፁ ተሰበረ። "እሳቸውን አይጥሯቸው።"

ከዚያ በኋላ መጠየቅ እንኳ ብዙ አላስፈለጋትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ አራት ወር የታመቀው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

"የመመረቂያ ጥናቴን አልሠራሁም ነበር። የሱን ደብተር ገልብጬ የራሴ አስመስዬ አስገባሁ። ደረሰበት። አፋፉ ላይ ቆመን 'ነገ ለፕሮፌሰሩ እናገራለሁ፤ አንተ ቀድመህ ብትናገር ግን ይሻልሃል' አለኝ። ደብተሩን ልነጥቀው ታገልኩ። ገፋሁት። ወደቀ።"

"ወዲያው ሞተ?"

"አልሞተም። ጭጋግ ስለነበር አላየውም። ድምፁ ግን ይሰማኝ ነበር። ይጠራኛል።"

"ከዚያ እስከ ከተማው ምን ያህል ነው?"

"ሳይክሎቹ ጋ ለመድረስ ትንሽ እግር መንገድ አለው። ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ ሃያ ደቂቃ አይሞላም።"

"ታዲያ?"

"ከዳነ ይናገራል።" ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። "ዝም እስኪል ጠበቅኩ።"

ዲንቄ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ሳይክሎቹስ?"

"አከራዩ የሰጠን ሁለት ነው። አንዱን እየነዳሁ ሌላውን መሪውን በእጄ ይዤ ወረድኩ።"

"ከጎኔ" ያለው ይህን ነበር። ዲንቄ ባዶው ሳይክል ከጎኑ እየተንከባለለ ሲወርድ ታያት።

"ኢሜይሉንም አንተ ነህ የጻፍከው።"

"እኔ ነኝ። ኮዱን አውቀው ነበር፤ ይነግረኝ ነበር።"

"ይህን ሁሉ ደብቀህ ጸሎቱን ለምን አስያዝክለት? ባታስይዝ እኮ ማንም አይደርስብህም ነበር።"

አዱኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "ያለ ፍታት እንዴት ልተወው? በአንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣነው። መሞቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካላስያዝኩለት ማን ያስይዝለታል?"

የሚያሳዝነው፣ ይህን ሲል እውነቱን ነበር።

በካቴና ታስሮ ሲወጣ ወይዘሮ እንዳለች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩ ገርበብ ያለ ነበርና ሁሉንም ሰምተዋል። አዱኛ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"እማማ፣ ይማሩኝ።"

እናትየው አልረገሙትም። አልመቱትም። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

"ለነፍሱ እንዲህ የምታስብለት ልጅ፣ በሕይወቱ ሲጠራህ ምነው ጨከንክ?"

ፖሊሶቹ አንሥተው ወሰዱት። ኋላ ልደታ ያለው ፍርድ ቤት ሲቀርብም ይኸው ጥያቄ በሌላ ቃል ተጠየቀ።

አዱኛ በእጁ የሣለው ካርታ በኤምባሲው በኩል ህንድ ተላከ። ሚደቅሳ የተገኘው እሱ ምልክት ካደረገበት ገደል ሥር፣ ከጎባጣዎቹ ዛፎች መካከል ነው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን በሚሸከማት ትንሽ ሣጥን አገሩ ገባ።

የቀብሩ ጠዋት ይዘንብ ነበር። ሴና ጥቁር ለብሳ ሣጥኗ አጠገብ ቆማለች። ዲንቄም መጥታ ነበር። በሷ እምነት ለሞተ ሰው ጸሎት የለም፤ ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። "አይዞዎት፣ ይደውላል" ያለችበትን ቀን እያሰበች ነበር።

አዛውንቱ ቄስ ወደ እናትየው ተጠጉ። "ፍታቱ አንዴ ደርሶለታል፣ ልጄ። እግዚአብሔር የማንንም ጸሎት አይጥልም። ቢሆንም..."

"ይደገምልኝ፣ አባ" አሉ ወይዘሮ እንዳለች። "ያን ጊዜ ስሙን የሰጣችሁ የገደለው ነው። ዛሬ እናቱ ትስጣችሁ።"

ቄሱ ደብተራቸውን ገለጡ። የሚያውቁትን ስም እንደማያውቁ ሆነው ጠየቁ። "ማን ልበል?"

"ክንፈ ገብርኤል" አሉ ወይዘሮ እንዳለች፤ ከዚያ ከመጋቢት ጀምሮ የያዙትን ልቅሶ አለቀሱ።