ዮፍታሔ አፉን ዘጋ

ዮፍታሔ ጥርሱን ሲቦርሽ እናቱ አፉን አየችና ጮኸች።

«ውይ! አሮጌው ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላው አዲስ በቅሏል!»

አባቱ በጣቱ ነቅነቅ ሊያደርገው ሞከረ። አሮጌው ጥርስ ወይ ፍንክች!

«በቃ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ይነቀላል» አለች እናቱ።

ይነቀላል? ዮፍታሔ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። አፉን ካልከፈተ ማን ይነቅለዋል?

«ና ቁርስ ብላ፣ የኔ ጌታ።»

«እምምም!» አለ ዮፍታሔ።

ቁርሱ ጨጨብሳ በማር ነበር። ሆዱ ጉርርር አለ። አፉ ግን አልተከፈተም።

ከአባቱ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ቱር ቱር ቱር!

«ጎበዙ፣ ስምህ ማነው?» አለው ሾፌሩ።

«እምምም!»

«እምምም? ደስ የሚል ስም ነው። ማን አወጣልህ?»

አባቱ ሳቁን ዋጠ።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተር ወይንሸት ትልቅ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ዝዝዝዝ! ወንበሩ ወደ ላይ ከፍ አለ።

«አሁን አፍህን ክፈት።»

«እምምም!»

«በዚች መስታወት ብቻ ልይህ።»

«እምምምምም!»

ዶክተር ወይንሸት ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሩ። «እንግዲያው አባቱ፣ እርስዎ ይቀመጡና ያሳዩት።»

«እኔ?» የአባቱ ዓይን ፈጠጠ።

ዮፍታሔ ወረደና አባቱ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ወጣ። ዝዝዝዝ!

«አፍዎን ይክፈቱ!» አሉ ዶክተሯ።

አባቱ ምን አለ መሰላችሁ?

«እምምም!»

ዮፍታሔ ሳቁ አመለጠው። «ቂቂቂ! አባዬ ፈራ! አባዬ፣ እንዲህ እኮ ነው የሚከፈተው፦ አአአአ!»

«እንዴት? አላየሁም፣ ድገመው» አሉ ዶክተሯ።

«አአአአአአ!»

ዶክተሯ ጎንበስ ብለው አዩ። «አሃ! ይቺ ጥርስ የአዲሱን መንገድ ዘግታለች።»

ዮፍታሔ ሳቁን አቆመ። «ሲነቀል ያማል?»

«መርፌዋ ቁንጥጥ ታደርግሃለች። ከዚያ በኋላ አያምም።»

ዮፍታሔ አሰበ። ከዚያ «አባዬ፣ ውረድልኝ» አለና ወንበሩ ላይ ወጣ።

የአባቱን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። አባቱ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

ቁንጥጥ!

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ወዲያው አለፈ።

ትንሽ ቆይቶ ዮፍታሔ ከንፈሩን ዳሰሰ። «አባዬ! ከንፈሬ የታለ?»

«እዚያው ነው ያለው።»

«የለም! ጠፍቷል!»

«አአአአ በል» አሉ ዶክተሯ። ቀጭ!

«እሺ፣ መቼ ነው የሚነቅሉት?» አለ ዮፍታሔ።

«ተነቀለ እኮ!» አሉና ሩዝ የምታህል ጥርስ አሳዩት።

ደሙ እንዲቆም ጥጥ አስነከሱት። «ጥጡ እስኪወጣ አፍህን እንዳትከፍት።»

አሁን ዮፍታሔ ለዓለም ሁሉ ማውራት ፈለገ። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቃቸው ነበር።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?» አለው ሾፌሩ።

«እምምም! እምምም! እምምምም!»

«ኧረ አሁንስ ብዙ አወራህ!» አለ ሾፌሩ። ቱር ቱር ቱር!

ከሰዓት በኋላ ዮፍታሔ ጥርሱን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወረወረ። «ወፊት ወፊት፣ አሮጌውን እንኪ፣ አዲሱን ስጪኝ!»

ኳ! ኮለል ኮለል ኮለል... ጠብ! ጥርሷ ተመልሳ አባቱ ራስ ላይ አረፈች።

«ወፏ አልፈለገችውም» አለ አባቱ ራሱን እያሻሸ።

ዮፍታሔ እንደገና ወረወረ። ኳ! ዝም። ጥርሷ እዚያው ቀረች።

ማታ እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«መርፌዋ ዣንጥላ ታክላለች!» አለ ዮፍታሔ እጆቹን ዘርግቶ።

«ዣንጥላ?»

«እውነቴን ነው! እኔ ግን አልፈራሁም። ትንሽ ብቻ ነው የፈራሁት። ከዚያ ከንፈሬ ጠፋ። ከዚያ... ከዚያ...»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች እናቱ።

የዮፍታሔ ራስ ትራሱ ላይ ዘንበል አለ።

«ዮፍታሔ? ከዚያስ?»

ኹርርር... ኹርርር...

እናቱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት፤ ግንባሩን ሳመችና መብራቱን አጠፋች።