የረታ ጠርሙስ

በጁባ ካቶር ሰፈር ያለው ሆቴል ዋና ሼፍ ረታ፣ ኢንሱሊን መወጋት ጀምሮ ወደ ሥራው በተመለሰ በሳምንቱ ከኩሽናው ጀርባ ባለች ማረፊያ ክፍል ሞቶ ተገኘ።

አዲስ አበባ ያደገው የጁባ ፖሊስ መርማሪ ላዶ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከ። ከሟቹ እጅ የወደቀው ጠርሙስ ሲሚንቶው ላይ ፈሷል። ጠረጴዛው ላይ ከሠራተኞች ብርጭቆ የተንጠባጠበውን ሻይ ጉንዳን ወርሮታል፤ ጠርሙሱ ዙሪያ ግን አንድም የለም። ላዶ ፍሳሹን በጣቱ ነካ። አይጣበቅም።

«ምን ነበረበት?»

«የስኳር ውሃ» አሉ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ማንያህልሻል። «ስኳሩ ድንገት ሲወርድበት የሚጠጣው ነው። ጠዋት ራሱ ሲበጠብጥ አይቻለሁ።»

መድኃኒቱን የሚያመጣለት ነጋዴው ሰማን ዓይኑ ቀልቷል። «ሳይበላ የሚወጋ ሰው አልነበረም። ዛሬ ስደውልለት ‹ምክትሌ ተገኝ “ምሳህ ደርሷል” ስላለኝ ተወጋሁ፤ ምሳው ግን ቀረ› አለኝ።»

ረታ ታሞ ሳለ ኩሽናውን የመራው ተገኝ በሽርጡ እጁን ጠረገ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ጋዝ አልቆብን ነው። ሲያልበው ጠርሙሱን ያቀበልኩት እኔው ነኝ። ‹ጣፋጭ ነው› ብሎ ጠጣ፤ ግን አልረዳውም።»

ላዶ ኩሽናውን ዞሮ አየና ሦስቱንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። እርስ በርስ ላለመተያየት አቀርቅረዋል።

«መደርደሪያው ላይ ያለው የማጣፈጫ ክኒን የማን ነው?»

ወይዘሮዋ ደነገጡ። «እኔ ነኝ የገዛሁት፤ ለረታ ሻይ ብዬ! ስኳር እንዳይነካ።»

«የእንግዶቹስ ምሳ ዘግይቶ ነበር?»

«ኧረ በሰዓቱ ነው የወጣው።»

«እንግዲያው ጋዝ አላለቀም» አለ ላዶ። «ስኳር ቢሆን ወለሉ ይጣበቅ፣ ጉንዳኑም ይመጣ ነበር። ባዶ ውሃ ቢሆን ደግሞ ረታ ጣፋጭ ነው አይልም። ስለዚህ የስኳሩ ውሃ ተደፍቶ ክኒኑ የሟሟበት ውሃ ገብቷል፤ ምላስን ያታልላል እንጂ የወረደ ስኳር አያነሳም። ክኒኑን ሦስታችሁም ልታገኙት ትችላላችሁ። ምሳህ ደርሷል ብሎ ያስወጋው፣ ምሳውን የከለከለው፣ ጠርሙሱንም ያቀበለው ግን አንድ ሰው ነው።»

ተገኝ ብድግ አለ። «ስድስት ወር ኩሽናውን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ! መጥቶ ሊወስድብኝ ነው እንዴ?»

ወይዘሮ ማንያህልሻል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ትናንት እኮ ለምኖኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «‹የምድጃውን ሙቀት አልቻልኩትም፤ ኩሽናውን ለተገኝ ይስጡልኝ፤ እኔን እንግዳ መቀበያው ላይ ያስቀምጡኝ› አለኝ። እሺ ብዬው ነበር። ማታ ልንነግርህ ነበር፣ አብረን።»

ተገኝ ሽርጡን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ላዶ ክንዱን ሲይዘው ተከተለው።