ያለ ሊጥ የዞረው ማቡኪያ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ፤ በዳቦ ቤቱ የሆነውን ላጫውታችሁ።

ባለቤቱን ሰፈሩ ከውፍረቱ የተነሳ «ተራራው» ይለው ነበር። በበር በጎኑ ነው የሚገባው እያልን እንስቅበት ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮት በሌለው የዱቄት ክፍል ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ከተላጡት ጣቶቹ በቀር ቁስል የለበትም፤ ልቡ ናት ቀጥ ያለችው።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟች የእህት ልጅ በካቴና ታስራለች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ስወጣ አጎቴ በሰላም ግቢ ብሎኛል። የሚያምነኝ ነው ያጣሁት።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጣልቃ ገባ። «ስምንት ሰዓት የበላው ምሳ እንዳለ ሆዱ ውስጥ ነው። የወፍራም ሰው ሆድ ደግሞ ምግብን ቶሎ ያወርዳል። ስለዚህ ዘጠኝ ሳይሞላ ሞቷል።»

እስከ ዘጠኝ አብራው የነበረችው እሷ ብቻ ናት። የሟች ታናሽ ወንድም የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንተስ ምን ሰማህ?» አለችው መርማሪዋ ወንድምየውን።

«የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ እየጮኸ ምን ይሰማል እቴ? ሳቦካ ነው የዋልኩት።»

መርማሪዋ ምድጃውን ዳበሰች፤ ቀዝቃዛ ነው። የማቡኪያውን ገንዳ በጥፍሯ ፋቀች፤ ደረቅ ነው። የዳቦ ቤቱ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ «ማቡኪያው ከዘጠኝ ጀምሮ ጆሯችንን በላው» አለቻት። የዱቄት ክፍሉ በር ከውስጥ በኩል በመዳፍ አሻራ ተሸፍኗል፤ መሬቱ ላይ የፈሰሰው ዱቄት በሟች ምልልስ ብዛት መንገድ ሠርቷል።

ሁሉንም ሰብስባ የውጭውን በር ዘጋች።

«ዶክተር፣ ሆድን የሚያዘው ነርቭ ነው። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ነርቩ ሆዱን ቁም ይለዋል፤ ወፍራምም ሆነ ቀጭን፣ ምሳው ባለበት ይቀራል። ያ ሁሉ ምልልስ ደግሞ የአንድ ደቂቃ አይደለም። ሆዱ የቆመው ዘጠኝ ሰዓት ሲዘጋበት ነው። ልቡ የቆመው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው።»

«የተዘጋ ቤት ከልጅነቱ ይፈራል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እሷ ዘግታበት ሄዳ ቢሆን፣ በሩን ሲደበድብ ሰምተህ ትከፍትለት ነበር። አንተ ግን ድምፁን ለመሸፈን ማቡኪያውን ያለ ሊጥ አዞርክ።»

ወንድምየው አቀረቀረ። «ዳቦ ቤቱን እንሽጠው ስለው እምቢ አለኝ። እሺ እስኪል ነበር የዘጋሁበት። ዝም ሲል… እሺ ያለ መሰለኝ።»

የልጅቷ ካቴና ተፈታ። እሷ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ መጀመሪያ የዱቄት ክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አደራ ልጆቼ፣ ይህን ሰው አስታውሱልኝ። በበር አያልፍም እያልን ስንስቅበት ኖረን፣ የመጨረሻ ልመናው በበር መውጣት ብቻ ነበር።