ሦስተኛው ጉርሻ

አንቺ ሶስና፣ እጅሽን መልሺ። አልጎርስም አልኩሽ እኮ። መብራት ከሄደ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ዘረጋሽልኝ። ንቄሽ አይደለም የኔ ልጅ፤ በጨለማ የሰው እጅ ወደ አፌ ሲመጣ ያንገሸግሸኛል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝም? ትሪውን ወደ መሀል ሳቡትና ብሉ። እኔም ከፊቴ እበላለሁ። ስንት ነን? እኔ፣ ሶስና፣ ሁለቱ ወንድሞቿ። አራት። አራት መሆናችንን ያዙልኝ፤ ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት አልነበረም። እሑድ ነበር፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። መንፈስ በቀን አይወጣም ያላችሁ ማነው?

ዘውገ የሚባል አስተማሪ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሥርዓት፣ ሥርዓት ሲል ይውላል። ሚስቱ እልፍነሽ ትባላለች። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ወንዱ የስምንት ዓመት፣ ሴቷ የአምስት። ወንዱን ማሙሽ፣ ሴቷን ሚጣ ይሏቸዋል። አንድ እሑድ አባትየው፣ «ልጆቹ የድሮ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ይዩ» ብሎ ይዟቸው ወጣ። ከአውቶቡስ ወርደው ግማሽ ሰዓት በእግር ሄዱ። መንገዱ በባሕር ዛፍ መሀል ያልፋል። ሰው የለበትም፤ ከብት የለበትም። ማሙሽ ይሮጣል፤ ሚጣ «እቀፉኝ» ትላለች። የት እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ? እሜቴ አስካለ የሚባሉ የባላባት ወይዘሮ ግቢ። ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። አጠገቡ ግብር የሚበላበት ትልቅ አዳራሽ አለ። ሰው ይጎብኘው ተብሎ ክፍት ተደርጓል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ሽማግሌ ጠባቂ ተቀበሏቸው። ፎቁን አሳዩ፣ ኮርቻውን አሳዩ፣ የቀንድ ዋንጫውን አሳዩ። ከዚያ የእሜቴን ነገር ነገሯቸው። እሜቴ እንግዳን በገዛ እጃቸው ሦስት ጊዜ ሳያጎርሱ አይሸኙም ነበር። በስተርጅና እጃቸው ላይ ቁስል ወጣ። አልድን አለ። በጨርቅ ጠቀለሉት። እዡ በጨርቁ ያልፋል፣ መግሉ ይሸታል፤ እሳቸው ግን ማጉረሱን አልተዉም። ይታያችሁ፣ በዚያ እጅ! እንግዳው አንድ በአንድ መሸሽ ጀመረ። በመጨረሻው ግብር አንድም ሰው አፉን አልከፈተላቸውም። እጃቸውን እንደ ዘረጉ ሞቱ።

ሽማግሌው፣ «አዳራሹን እዩ፤ ምግብ ግን አትክፈቱበት። ቆሎም ቢሆን» አሉ።

እሳቸው ፎቁን ሊዘጉ እንደ ሄዱ ዝናቡ ወረደ። ቤተሰቡ ሮጦ አዳራሹ ገባ። ልጆቹ ራበን አሉ። እልፍነሽ ቋንጣ ፍርፍር በትልቅ ሳህን ቋጥራ መጥታለች።

«አትክፈቱ ብለውን የለ?» አለች።

«ወለሉ እንዳይቆሽሽባቸው ነው እንጂ ሌላ ምን አላቸው? ጋዜጣ እናነጥፋለን» አለ ዘውገ።

አነጠፉ፤ ከፈቱ። አራቱም ሳህኑን ከበው ተቀመጡ። ልክ እንደኛ አሁን።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የከረመ ቅቤ ሽታ። ራስ ላይ ተቀብቶ፣ ሳይታጠብ የሰነበተ ቅቤ ታውቃላችሁ? ከሱ ስር ደግሞ ሌላ ሽታ፤ የቁስል ሽታ። እልፍነሽ ቅቤዬ ተበላሽቶ ይሆን ብላ ፍርፍሩን አሸተተች። ፍርፍሩ ደህና ነው። ቀጥሎ ዝንብ መጣ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ፣ ዝንብ ከየት ይመጣል? ምግቡ ላይ አያርፍም። በአባትየውና በሚጣ መሀል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ትከሻ በሚደርስበት ከፍታ ይተራመሳል። 

እልፍነሽ ኩባያ ልታለቀልቅ ወደ በሩ ሄደች። አባትየው ዘወር ብሎ ለማሙሽ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጦር ያሳየዋል።

ሚጣ፣ «አልፈልግም፣ ይሸታል» አለች።

ዘውገ እናትየዋ እያጎረሰቻት መሰለው። ዞር ሳይል፣ «ሚጣ፣ ትልቅ ሰው ሲያጎርስ እምቢ አይባልም። ክፈቺ» አለ።

ሚጣ ከፈተች። ጎረሰች።

«በቃኝ።»

«ክፈቺ አልኩሽ እኮ። ሥርዓት የለሽም?»

ሚጣ ደገመች። እያለቀሰች ዋጠች።

እልፍነሽ ከበሩ ስትመለስ የልጇን ጉንጭ አየች። ቢጫ ነገር በአገጯ ይወርዳል። «ማን ነው ያጎረሳት?» አለች። ያን ጊዜ ዘውገ ዞረ። ሚስቱ ከበሩ መምጣቷ ነው፤ እጇ በዝናብ ውሃ ርሷል። ወደ ሳህኑ አየ። አራት ሰው ሲበላ ሳህን በስንት በኩል ይጎድላል? በአራት። ይኸኛው በአምስት በኩል ጎድሏል። በሱና በሚጣ መሀል፣ ማንም ባልተቀመጠበት በኩል፣ የጣት መንገድ አለ። በጣቱ መንገድ መግል ተለድፏል። መግሉ ውስጥ ጥፍር አለ። ሙሉ ጥፍር።

«ሚጣዬ፣ ማነው ያጎረሰሽ?»

«እማማ። እኚያ እጃቸው የታሰረው።» በጣቷ የአባቷን ጎን አሳየች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ዝናቡን ጥሰው ገቡ። ሳህኑን አዩና ቆሙ። «ስንት አጎረሷት?»

«ሁለት» አለች ሚጣ።

«ሦስተኛውን የጎረሰ የእሳቸው ቤት ሰው ነው። ከእጃቸው አይወጣም። የተዘረጋ እጅ ደግሞ ዛሬ አይመለስም፤ ስንት ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል። ወይ እሷ ትጎርሳለች፣ ወይ ጉረሺ ያላት ሰው ይጎርስላታል።»

ጉረሺ ያላት ማነው? ታውቁታላችሁ።

ዘውገ ልጁን ወደ ኋላው ሳባት። ባዶው ቦታ ፊት ተንበረከከ። አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ እጁን ሁላቸውም አዩት። እጅ ብቻ፤ ሰው የለውም። ጨርቁ ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ ከጉርሻው ጋር ተጠቅልሏል። ዝንቡ በላዩ ይሄዳል። እጁ የዘውገ አፍ ውስጥ እስከ አንጓው ገባ። ዘውገ ጨርቁን ላሰ፣ ጥፍሩን አኘከ። ሲያኝከው ቀጭ ሲል ተሰምቷል። ዋጠ። በዚያው ቅጽበት ሚጣ የጎረሰችውን ሁለቱንም አስመለሰች፤ ከትፋቱ መሀል ጠጉር ወጣ። ልጅቷ ዳነች።

አባትየውስ? ቤቱ ተመለሰ፤ ግን እንደ ድሮው ሆኖ አይደለም። ጋሽ ወንዳፍራሽ እንዳሉት የእሜቴ ሰው ሆነ። የቀኝ እጁ ላይ ቁስል ወጣ። ገላውን ቢታጠብ፣ ልብሱን ቢቀይር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሚስቱ ሳህን ለየችበት። ማሙሽ ፊት ለፊቱ አፍንጫውን ይይዛል። ከሁሉ የባሰችው ሚጣ ነች። ጨክና አይደለም፤ እጁን ስታይ ትውከት ይመጣባታል። በየፋሲካው ጉርሻ ጠቅልሎ ይዘረጋላታል። በየፋሲካው ፊቷን ታዞራለች። እሱም መልሶ ሳህኑ ላይ ያኖረዋል። እንዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ።

ባለፈው ፋሲካ ሞተ። ሲሞት እጁ ተዘርግቶ ነበር። ጉርሻው ከጣቱ መሀል አልወጣ ብሎ በመከራ አላቀቁት።

እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? ሚጣ እኔ ነኝ። ስለ እኔ ያን ቆሻሻ ለዋጠ አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልጎረስኩለትም። እሜቴን ሳይሆን ራሴን ነው የምጸየፈው።

እንግዲህ ስሙኝ። በጨለማ ፊቱን ካላያችሁት ሰው አትጉረሱ። ማንም ይሁን።

ሶስና፣ ቅድም ሦስት ጊዜ ስትዘረጊልኝ እጅሽ ለምን ቀዘቀዘ? እ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘረጋሽው?

ስልክሽን አብሪው። ትሪው ላይ አብሪው። አራት ነን አላልኩም? በስንት በኩል ተበልቷል፣ ቁጠሩ።

አትጩኹ። ማንም እንዳይነሳ። የቅቤው ሽታ ወደ ማን እንደመጣ አውቃለሁ።

ስልኩን አጥፊው የኔ ልጅ። አባዬ፣ አፌን እየከፈትኩ ነው።